ተመልሼ ተማሪ ሆኛለሁ

አንቺዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

ጠፋሁብሽ። አውቃለሁ፣ ልትሰድቢኝ ነው። ስድቡን ስንደዋወል ታወርጂዋለሽ፣ አሁን ይህቺን አንብቢልኝ። ይቅርታ። በቃ፣ ይቅርታው ይኸው ነው፤ ሲረዝም ውሸት ይገባበታል።

እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው። ትምህርት ጀምሬያለሁ። የማታ። አዎ፣ እኔ። ሳቂ፣ እጠብቅሻለሁ።

ጨረስሽ? ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለአንቺም ዝም ያልኩት ባቋርጠውስ ብዬ ነው። ሰው ካላወቀ ማቋረጡም ይቀላል። እንግዳ ሲመጣ ደብተሬን ትራስ ሥር ነበር የምሸጉጠው፣ በዚህ ዕድሜዬ! ሌላው ትምህርት ደህና ነው፣ እሱን ሌላ ቀን። ልቤን የያዘው አልጄብራ ነው።

"ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" ትዝ ይልሻል? ፕላሱ የእኩል ምልክቷን ሲሻገር ማይነስ፣ ማይነሱ ሲሻገር ፕላስ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩትን ረስቼ እሷን ብቻ አልረሳሁም። ክፍላችን ውስጥ ያለነው ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች ነን፣ ሁላችንም ይዘናት የመጣነው እሷኑ ነው። ችግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ጥላሽ መሄዷ ነው። 3ኤክስ + 7 = 22 ተባለ እንበል። ሰባቷን አሻገርሽ፣ 3ኤክስ = 15። እሺ፣ ሦስቷስ? እሷስ ስትሻገር ምን ልትሆን ነው? አጠገቤ የሚቀመጡት አባት ከ15 ላይ 3 ቀንሰው 12 ብለው ጻፉ። ከኋላ ያለችው ደግሞ ለማይነስ 3 አካፍላ ማይነስ 5 አገኘች። ሁለቱም እኮ ሕጉን አክብረዋል! ምልክቱን ቀይሩ ተባሉ፣ ቀየሩ።

መምህራችን ከእኔ በብዙ የሚያንስ ልጅ ነው። "እትዬ" ነው የሚለኝ፣ እሱን እንኳ ችዬዋለሁ። "ማሻገር የሚባል ነገር የለም፣ እርሱት" ብሎን አረፈው። የሚሻገር ነገር የለም አንቺዬ! በሁለቱም ወገን እኩል ነገር ይደረጋል፣ በቃ። ከግራ 7 ከቀነስሽ ከቀኝም 7 ትቀንሻለሽ። 3ኤክስ = 15 ይቀርልሻል። ሦስቷ ኤክስን እያባዛቻት ስለሆነ ሁለቱንም ወገን ለ3 ታካፍያለሽ። ኤክስ 5። ሰባቷ የትም አልተሻገረችም፣ እዚያው ባለችበት ነው የተጣፋችው።

ሚዛን ነው፣ ሁለቱ ወገን እኩል እንዲመዝን ነው ይሉናል ደግሞ። ደስ ይላል፣ ኤክስ + 8 = 5 እስኪመጣ ድረስ። መልሱ ማይነስ 3 ነው። ማይነስ 3 ኪሎ በምን ሚዛን ይመዘናል? እኔ ሚዛኑን እዚያ ላይ ትቼዋለሁ። አሁን የማየው የእኩል ምልክቷን ነው። ድሮ እሷን ስናይ "መልሱን እዚህ ጻፊ" የተባልን ይመስለን ነበር አይደል? 3 + 4 = 7 × 2 = 14 እያልን ስንደረድር! 3 እና 4 መቼ ነው 14 የሆኑት? ምልክቷን ያመጣት ሮበርት ሬኮርድ የሚባል የዌልስ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1557። "እኩል ነው" እያለ መጻፍ ቢሰለቸው ሁለት ትይዩ መስመር አሰመረ። ከእነዚህ የበለጠ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች የሉም ብሎ። ከእሱ በፊት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው፣ የአልጄብራ አባት የሚሉት አል ኽዋሪዝሚማ ሁሉንም በቃላት ነበር የሚጽፈው። ኤክስ የለ፣ ምልክት የለ። ኔጌቲቭ መልስም አይቀበልም ነበር። ሰውዬውን ወድጄዋለሁ።

አሁን ደስታዬን ልንገርሽ። ይህቺን እዪልኝ፦ 5 − 2(ኤክስ − 3) = 1። ብዙ ሰው የሚንሸራተተው ቅንፉ ላይ ነው። ሁለቷ ወደ ቅንፉ የምትገባው ማይነሷን ይዛ ነው፤ ስለዚህ ማይነስ 2 ከማይነስ 3 ጋር ሲባዛ ፕላስ 6 ይሆናል። 11 − 2ኤክስ = 1፣ ኤክስ 5። ስድስቷን በማይነስ ብትጽፊያት ማይነስ 1 ይወጣልሻል፣ እሱም ሲያዩት መልስ ይመስላል። ግን ማይነስ 1ን ቦታው መልሰሽ አስገቢው። 13 ይመጣል። የተባለው ደግሞ 1 ነበር! 5ን ስታስገቢ ቁጭ ይላል።

ገባሽ? "ልክ ነኝ ወይ?" እያልኩ የሰው ዓይን ዓይን ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አንቺ ነሽ የምታውቂው። አሁን ኤክስን ቦታዋ እመልሳታለሁ፣ ልክ መሆኔን ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ጮህኩ። ለማን ልንገር ስል አንቺ መጣሽብኝ፣ ከዚያ ደግሞ አፈርኩና ስልኩን አስቀመጥኩት።

ችግሩ እንግዲህ እዚህ ነው። ፈተና ደርሷል። ኢኩዌሽኑ ተጽፎ ከመጣልኝ አልፈራም፣ በወሬ መልክ ሲመጣ ግን እጄ ይያዛል። "እናት የልጇን ዕድሜ ሦስት እጥፍ ናት፤ ከ12 ዓመት በኋላ ሁለት እጥፍ ትሆናለች።" እናቲቱን ነው ኤክስ የምላት ልጇን? መምህሩ "ትንሿን ኤክስ በሏት፣ ክፍልፋይ አይመጣባችሁም" አለ። ልጅ ኤክስ፣ እናት 3ኤክስ። 12 ዓመቱ ደግሞ ለሁለቱም ነው የሚደመረው፤ ሰው ለአንዷ ደምሮ ሌላዋን ይረሳል፣ እሷ እንደማታረጅ። 3ኤክስ + 12 = 2(ኤክስ + 12)። ልጅ 12፣ እናት 36። ሲሠራ ሳየው ግልጥ ነው። ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ግን ወሬው ወሬ ሆኖ ይቀራል።

አንቺ እኮ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ትወጂው ነበር። ከንፈርሽን ነክሰሽ ትንሽ ዝም ትያለሽ፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ፣ እኔ ከጎን እገለብጣለሁ። አሁን ልገለብጥሽ አይደለም። (እሺ፣ ትንሽ።) የምፈልገው ያቺን ዝምታ ነው። ብዕርሽን ሳታነሺ በፊት ለራስሽ ምን ነበር የምትዪው? ኤክስን በምን ነበር የምትመርጪው? እሱን ንገሪኝ። በድምፅም ቢሆን ላኪልኝ፣ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

ደግሞ... እንዴት እንደምለው አላውቅም። አንቺም ያኔ ሳትፈልጊ ነው የተውሽው። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሊከፈት ነው። አልገፋፋሽም። ብቻ ኋላ "ምነው ሳትነግሪኝ" እንዳትዪኝ።

እስከዚያው ይህቺን ሞክሪያት፦ 2(ኤክስ + 3) = 2ኤክስ + 6። እኔን አናዳኛለች። ኤክስ ስንት ናት? አንድ ቁጥር ብቻ ጽፈሽ ከላክሽልኝ የምስቀው እኔ ነኝ።

ያንቺው ጠፊ