በቱሪንግ ካር ውድድር ስለሚጫነው ክብደት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ስለ ቱሪንግ ካር እሽቅድድም የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ያሸነፈን መኪና ክብደት መጫን ጉብዝናን መቅጣት ስለሆነ ደንቡ ተነሥቶ አምራቾች እንደፈለጉ ይወዳደሩ የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ይህ ድምዳሜ ሁለት የተለያዩ ደንቦችን፣ ማለትም በመኪናው ሞዴል የሚወሰነውን ክብደትና ባለፈው ውድድር ውጤት የሚጫነውን ክብደት፣ እንደ አንድ የቆጠረ ነው፤ አምራቾች እንደፈለጉ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣም ከዚህ በፊት ታይቷል።

ፎርሙላ ዋን ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ ለውድድር ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ የቱሪንግ ካር መነሻ ግን ማንም ገዝቶ መንገድ ላይ ሊነዳው የሚችል መኪና ነው። ስለዚህ አምራቹ መኪናውን በተወሰነ ቁጥር ማምረቱን አሳይቶ፣ የእያንዳንዱን ክፍል ልክና ቅርጽ ሆሞሎጌሽን በሚባለው ሰነድ ላይ ያስመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሥራ ላይ የዋለው የግሩፕ ኤ ደንብ በ12 ወራት ውስጥ 5,000 መኪና እንዲመረት ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 500 ብቻ ጨምሮ የተሻሻለ ዓይነት ማስመዝገብ ይቻል ስለነበር፣ ፎርድ ሲየራ አርኤስ 500 የተባለውን መኪና ስሙ እንደሚናገረው በ500 ልክ ሠርቶ አቀረበ። የመኪናው ዝቅተኛ ክብደት የሚወሰነው በሞተሩ መጠን ሲሆን፣ ቱርቦ (አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር መጠን በ1.4፣ ከ1988 ጀምሮ ደግሞ በ1.7 እየተባዛ ይቆጠር ነበር። የሲየራው 1,993 ሲሲ ሞተር ስለዚህ በመጀመሪያው ስሌት 2,790፣ በሁለተኛው 3,388 ሲሲ ሆኖ ተመዘገበ፤ ብረቱ ግን ያው ነው። ክብደትን ከአቅም ጋር ማያያዝ እንግዲህ የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

በ1987 የዓለም ሻምፒዮና በሞንዛ ሲከፈት ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የገቡት ቢኤምደብሊው ኤም 3 መኪኖች በሙሉ በቦዲያቸው ምክንያት ተሰርዘው ሰባተኛ የገባው ሆልደን አሸናፊ ተባለ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያው የባተርስት ውድድር አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለት ሲየራዎች ደግሞ የፊት ፓራፋንጓቸው ከተመዘገበው ልክ ውጭ ሆኖ በመገኘቱ ከወራት በኋላ ድሉን ለአውስትራሊያዊው አሽከርካሪ ለፒተር ብሮክ ቡድን አስረከቡ። የፓራፋንጎ ነገር ለተመልካች ተራ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጥቂት ሚሊሜትር የሰፋ ፓራፋንጎ ትልቅ ጎማ ያስገባል፤ ጎማው ደግሞ መኪናውን ኩርባ ላይ አስፋልቱን አስይዞ ያዞረዋል።

ሰነዱን ሳይጥሱ መጠምዘዝም ይቻላል፤ ለዚህ ከ1994ቱ የእንግሊዝ ሻምፒዮና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጊዜው የነበረው ደንብ ሁለት ሊትር ያለ ቱርቦ፣ በደቂቃ ከ8,500 ዙር የማያልፍ ሞተር ይፈቅድ ነበር። የነፋስ መቆጣጠሪያ ክንፍን በተመለከተ ግን የሚፈቀደው ለገበያ በቀረበው መኪና ላይ ያለው ብቻ ነው። አልፋ ሮሜዮ ለ155 ሞዴሉ የክንፉን ማርዘሚያ ሳይገጥም በሻንጣ መጫኛው ውስጥ አስቀምጦ ለገዢው አስረከበ። በወረቀት ላይ መለዋወጫው «ከመኪናው ጋር የተሸጠ» ነው! ተፎካካሪዎች አቤት አሉ፤ ውሳኔው ሲከብደው አልፋ መኪኖቹን ከኦልተን ፓርክ ውድድር አስወጣ፤ ከዚያ ተመልሶ በአሽከርካሪው በጋብሪዬሌ ታርኩዊኒ የዓመቱን ዋንጫ ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት ደንቡ ተሻሽሎ ልኩ የተወሰነ ክንፍ ለሁሉም ተፈቀደ። በእኔ አስተያየት ጥፋተኛው ብልጣብልጡ አምራች ሳይሆን «የተሸጠ» ለሚለው ቃል ፍቺ ሳይሰጥ ያለፈው ደንብ ነው።

ልቅ የሆነውን መንገድ የተከተለው የጀርመኑ የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና፣ ዲቲኤም፣ ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር አድጎ መኪኖቹ በኤሌክትሮኒክስ ከተጨናነቁ በኋላ፣ ወጪው ስላልተቻለ ኦፔልና አልፋ በ1996 መጨረሻ ሲወጡ ተዘጋ።

ከ2015 ጀምሮ የተስፋፋው ቲሲአር የተባለው የቱሪንግ ካር ደንብ ከዚህ የተማረ ይመስለኛል። ሞተሩ ሁለት ሊትር ባለ ቱርቦ፣ የሚነዳው በፊት ጎማ፣ ቦዲው ባለ አራት ወይም ባለ አምስት በር፣ ርዝመቱ ከ4.2 ሜትር ያላነሰ፣ ስፋቱ ከ1.95 ሜትር ያልበለጠ ነው። ጉልበቱ 340 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን ሞተሩም መነሻው የመንገዱ መኪና ሞተር ነው። የቦዲያቸው ቅርጽ የተለያየ መኪኖች እንዲፎካከሩ የአቅም ማመጣጠኛ ደንብ ወጥቶላቸዋል፤ በዚህም የእያንዳንዱ ሞዴል ክብደት፣ ከመሬት የሚኖረው ከፍታና የሞተሩ ጉልበት በመቶኛ ይወሰናል። ይህ የሚመለከተው ሞዴሉን እንጂ አሽከርካሪውን አይደለም፤ አንድ መኪና ተጨማሪ ኪሎ ቢጫንበት በዚያ ሞዴል የሚነዱ ሁሉ እኩል ይሸከሙታል።

ጸሐፊው የተቆጡበት ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን እሱ የሚጫነው ባለፈው ውድድር በተገኘው ውጤት ነው። እዚህ ላይ ከፊል እስማማለሁ፤ ሚዛኑን የሚያውቅ ቡድን ነጥብ እያሰላ ጉልበቱን ሊቆጥብ ይችላልና። እንግሊዞች በ2022 የሚጫነውን ብረት ትተው የአሸናፊውን የሃይብሪድ (ከሞተሩ ጋር የሚሠራ የኤሌክትሪክ) ኃይል መጠቀሚያ ሰከንድ ወደ መቀነስ የዞሩት መንገዱ አንድ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ያም ሆነ ይህ ሁለተኛውን ለማንሣት ተብሎ የመጀመሪያው አይነሣም።

እኔ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው በመሆኔ ብረቱ ራሱ ያሳስበኛል። ወለሉ ላይ በቡሎን የሚታሰረው የክብደት ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ከሾፌሩ በተቃራኒው ጎን፣ ወደታች ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የሾፌሩን ክብደት በመጠኑም ቢሆን ያመጣጥናል። ሆኖም በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የሚጎትቱት፣ የሚያዞሩትና አብዛኛውን የፍሬን ጫና የሚሸከሙት እነዚያው ሁለት ጎማዎች ስለሆኑ 40 ኪሎ ሲጨመር መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው፤ በመጨረሻዎቹ ዙሮች መኪናው መሪውን እየታዘዘ የማይዞረው ለዚህ ነው። ተመልካች «ሾፌሩ ደከመ» ይላል።

ስለሆነም የውድድር ውጤት ስታትሙ ከአሽከርካሪው ስምና ከሰዓቱ ጎን መኪናው የተሸከመው ኪሎ ስንቱ በሞዴሉ፣ ስንቱ በውጤቱ የተጫነ እንደሆነ በሁለት አጭር ዓምድ ብትጨምሩልን፣ ሦስተኛ የወጣው ሰው ምን ያህል እንደነዳ አንባቢው ራሱ ይፈርድ ነበር።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ