«ሥዕሉን ተመልከቱ» የሚባለው ልጅ አያይም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። በፈተና ሰሞን ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ጥያቄ አነባለሁ፤ የነገሩኝን መልስ አጠቁራለሁ። ፈተና ኦንላይን ሆነ አልሆነ ብዙ ሲወራ፣ ስለ ጥያቄዎቹ አወጣጥ የሚያነሳ ስላጣሁ ነው የምጽፈው።

አንድ የአማርኛ ጥያቄ ልንገራችሁ። «ከተሰመረበት ቃል ጋር ተመሳሳይ ፍቺ ያለው የቱ ነው?» ይላል። ልጁ መስመሩን በምን ይየው? ነጥዬ ልንገረው ወይስ ክልክል ነው? ፈታኙም እኔም ግራ ገባን። ቀጥሎ የፊደል አጠቃቀም መጣ፦ «ሀ. ንጉስ፣ ለ. ንጉሥ»። በጆሮ ያው ናቸው። «በንጉሡ ሠ» ብዬ ካነበብኩለት ደግሞ መልሱን ነገርኩት ማለት ነው!

በእኔ ትምህርት ችግሩ ሥዕል ነው። «በቁጥር 3 የተመለከተው የልብ ክፍል ምን ይባላል?» ልግለጽለት ካልኩ መልሱ ያመልጠኛል፤ ዝም ካልኩ ልጁ ይገምታል። የፈለግነው ግን ልብን ማወቁን አይደል? «ደምን ወደ ሳንባ የሚገፋው የልብ ክፍል የትኛው ነው?» ብንለውስ? ይሄ ማቅለል አይደለም። እንዲያውም ሥዕሉን ሸምድዶ የመጣውን፣ ዓይኑ የሚያይ ተማሪ ጭምር ያስጨንቃል። ግራፍ ግን በቃል አይተካም። ወፍራም ካርቶን ላይ ክር በሙጫ ለጥፎ በጣት እንዲዳሰስ ማድረግ ይቻላል፤ ቀድሞ ከታሰበበት። በፈተናው ጠዋት ሙጫ ፍለጋ አይኬድም።

«አዛምድ»ንማ ተዉት። በአንድ በኩል አሥር፣ በሌላው አሥራ ሁለት። አንብቤ ስጨርስ ልጁ የመጀመሪያውን ረስቶታል።

ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣቸዋል ይባላል። ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ግን ያልታየ መስመር ሰዓት ስለተጨመረ አይታይም። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ቢጫንም፣ ሥዕሉን በቃላት ያብራራለት ከሌለ ያልፈዋል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። እኛ ግን ዛሬም «ሥዕሉን ተመልከቱ» እያልን ነው።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ፈተናው ከመታተሙ በፊት ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ማየት ለተሳነው መምህር ይነበቡ። እሱ «ይሄ አልገባኝም» ያለው ጥያቄ ያን ጊዜውኑ ይስተካከል። እንዲህ ያሉ መምህራን አሉን፤ አማርኛም፣ ታሪክም፣ ሥነ ዜጋም ያስተምራሉ። ምስጢር ይወጣል የሚል ካለ፣ እንደ ማንኛውም ፈተና አውጪ ያስፈርማቸው።

መምህርት፣ ከደሴ