የረገፈ ቅጠል አይቃጠል፦ ለከተማ መናፈሻዎች አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ከዛፎች ሥር የሚጠረገው ቅጠል መቃጠሉ እንዲቀር ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የመናፈሻዎች አስተዳደር ኃላፊ፣

በመናፈሻዎቻችን የሚረግፈው ቅጠል ከዛፎቹ ሥር ተጠርጎና ተከምሮ ይቃጠላል። ይህ ለንጽሕና ታስቦ እንደሚደረግ እረዳለሁ፤ ሆኖም እየተቃጠለ ያለው ቆሻሻ ሳይሆን የዛፎቹ የራሳቸው ምግብ ስለሆነ አሠራሩ እንዲለወጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ቅጠል ሊረግፍ ሲቃረብ ዛፉ በውስጡ ካለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከፊሉን መልሶ ይወስዳል፤ ካልሲየሙ ግን በአብዛኛው ከቅጠሉ ጋር ይወድቃል። ይህ ቀሪ ሀብት ለሥሮቹ የሚደርሰው ቅጠሉ ሲበሰብስ ነው። ሲቃጠል ግን ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ወደ አየር ይበንናል፣ አመዱን ነፋስና ጎርፍ ይወስዱታል፣ ጭሱም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ያሠቃያል።

ከትልቅ ዛፍ ሥር እርጥቡን የቅጠል ንጣፍ በእጁ ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው የመበስበሱን ሂደት በየደረጃው ያገኘዋል፦ ከላይ ገና ያልተነካ ቅጠል፣ ከሥሩ ልምላሜው ተበልቶ የጅማቶቹ መረብ ብቻ የቀረ፣ ከዚያም በታች ነጫጭ የፈንገስ ክሮች የተሳሰሩበት ጥቁርና ፍርፍር ያለ ብስባሽ። ቻርልስ ዳርዊን የምድር ትሎች ቅጠልን ወደ ጉድጓዳቸው ሲጎትቱ አብዛኛውን ጊዜ በሾለው ጫፉ በኩል እንደሚይዙት በትዕግሥት ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1881 ለንባብ አብቅቷል። እነዚህ ትሎች የሚቦረቡሩት አፈር ውኃ ያሰርጋል። ንጣፉ በተነሣበት ስፍራ ግን የዝናብ ጠብታ እርቃኑን የቀረውን አፈር እየደበደበ ገጹን ስለሚያጠነክረው፣ ውኃው አፈር ጠርጎ ይሄዳል።

ቅጠል ሁሉ በወደቀበት ይቅር ማለቴ አይደለም። ከመንገድና ከፍሳሽ ቦይ መነሣት አለበት፤ በሣር ላይ በብዛት ሲከማችም ሣሩን ያፍናል፤ በበሽታ የተጠቃውም ለብቻው መወገድ ይኖርበታል።

ስለዚህ ማቃጠሉ በመመሪያ እንዲከለከል፣ በዛፎችና በቁጥቋጦዎች ሥር ያለው ቅጠል ከግንዱ ጥቂት ፈቀቅ ተደርጎ እንዲተው፣ ከመንገድ የሚነሣው ጤናማ ቅጠልም ለኮምፖስት እንዲውል እጠይቃለሁ። ደረቅ ቅጠል ካርቦን ስለሚበዛበት ለብቻው ቶሎ አይብላላም፤ ከታጨደ እርጥብ ሣር ጋር ሲደባለቅ ግን ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ወደሚሆነው ተስማሚ መጠን ይቀርባል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መለወጥ ካስቸገረ፣ በሚቀጥለው የቅጠል መርገፊያ ወቅት በአንድ መናፈሻ ተጀምሮ የአፈሩ እርጥበት አሁን እንደሚደረገው ከሚጠረግ መናፈሻ ጋር ቢነጻጸር ለውሳኔ በቂ መረጃ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር