መርፌ ጨጓራ አይነካም ያለው ማነው?

ለአዘጋጁ፣

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ልመና አንድ ነው፦ «ክኒኑ ይቅርብኝ፣ ዲክሎውን ውጊኝ፤ መርፌ ጨጓራ አይነካም።» ዲክሎ የሚሉት ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ነው። ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ወገባቸውን ይዘው ከታክሲ ወረዱ። «ልጄ፣ ያቺን የወገብ መርፌ ወግተሽ ልቀቂኝ።» የሚወስዱትን መድኃኒት እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ከመቀነታቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱ። ለደም ግፊት የሚወስዱት ኢናላፕሪል አለ፣ የሚያሸና ክኒን አለ፣ ከዚያ ደግሞ ግማሹ ያለቀ ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ። ጠዋት ሁለት ውጠዋል። የመርፌው አንዱ ብልቃጥ 75 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ ነው። ብወጋቸው 175 ሊሆን ነው፤ የቀኑ ጣሪያ ደግሞ ለጤነኛ አዋቂም 150 ነው። ክኒኑና መርፌው አንድ መድኃኒት መሆኑን አላወቁም። ማን ነግሯቸው! ጋዜጣችሁን የሚያነብ ልጅ ካለ፣ እባካችሁ የእናቱን መሐረብ ይፍታ።

የጨጓራው ነገር እንዲህ ነው። ዲክሎፌናክ ሕመም የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት አድርጎ ነው። ይኸው ንጥረ ነገር ግን ጨጓራን ከአሲድ ይጠብቃል፤ ኩላሊት በቂ ደም እንዲያገኝም ያግዛል። መድኃኒቱ በአፍ ገባ በመቀመጫ፣ በደም ዞሮ እዚያው ይደርሳል። የቆሰለ ጨጓራ በመርፌም ይደማል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። እንደ እኚያ እናት በግፊትና በሚያሸና መድኃኒት ላይ ሲደረብ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የልብ ሕመምተኛ፣ አስፕሪን አስም የሚቀሰቅስበት ሰው፣ እርግዝናዋ የገፋ ሴት ጨርሶ አይወጉትም። ለሌላውም ቢሆን መርፌው ከ2 ቀን በላይ አይቀጠልም።

ሰፈር ውስጥ «እጇ አያምም» እየተባሉ የሚወጉም አሉ። መርፌው የሚገባው በመቀመጫው ላይኛ፣ ወደ ውጪ ባለው በኩል፣ ጡንቻው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው። ወደ መሐልና ወደ ታች ከሳተ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ እግሩን እየጎተተ የመጣ ወጣት አይቻለሁ።

እኔም ሰልፉ ሲበዛ ሳልጠይቅ የወጋሁበት ቀን አለ፤ አልዋሽም። እኚያን እናት ግን አልወጋኋቸውም። ሐኪም ይያቸው፣ ኩላሊትዎም ይመርመር ብላቸው ተቆጡ። መሐረባቸውን ቋጠሩና «ከታች ያለው ክሊኒክ ይወጋኛል» ብለውኝ ወጡ። ሳይወጋቸው አይቀርም።

ነርሷ፣ ከአራት ኪሎ