ሳሎኑን ስንት ሰዓት ላይ አያችሁት?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በተማሪ ማደሪያና በመኖሪያ ሕንፃ ያሉት የጋራ ሳሎኖች ሰው አይጠቀምባቸውምና ይፍረሱ የሚለውን ዘገባችሁን አንብቤ ስጨርስ ደሜ ፈላ። ጽሑፉስ ይሁን፤ ያናደደኝ ፎቶው ነው። ባዶ ሶፋ፣ ያልተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ «ማንም የማይጠቀምበት ቦታ»። ግድግዳው ላይ ግን ሰዓት አለ። አራት ሰዓት ይላል። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች፤ ስለዚህ ጠዋት ነው።

ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተማሪ ትምህርት ላይ፣ ሠራተኛ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የጋዜጠኛው ቤት ሳሎንም ባዶ ይመስለኛል። እንግዲህ እሱንም ያፍርሱት?

ሐቁን ለመናገር፣ ቀንም ማታም ሰው የማይገባባቸው ሳሎኖች አሉ። ለምን እንደሆነ ግን ዘገባው አልጠየቀም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ጥናት፣ አሜሪካ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማሪዎች መኖሪያ ደረጃውና የፖስታ ሣጥኑ አጠገብ የሚኖሩት ከሌላ ፎቅ ሰው ጋር ይበልጥ ተወዳጅተው ተገኝተዋል። ሰው በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሳሎንም መተላለፊያ ላይ ሆኖ በሩ ውስጡን ካሳየ ሰው ጎራ ይላል። ኮሪደር ጫፍ፣ ከድፍን በር ጀርባ ከሆነ ግን ማን ደፍሮ ይከፍታል? ውስጥ ማን እንዳለ እንኳ አይታወቅም።

ኮሌጅ እያለሁ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ነበርን። ሦስቱ ሲተኙ እኔ ሳሎን ወርጄ አጠናለሁ። የአባቴን መታመም በስልክ የሰማሁትም እዚያው ነው፤ ማልቀሻ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ከዚያ «አይጠቀሙበትም» ተባለና አልጋ ተደረደረበት። ከዚያ ወዲህ ስልክ የማወራው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ የሚወጣ የሚወርደው እየሰማኝ።

አሁን የምኖርበት ሕንፃም ሳሎን አለው፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው። መታወቂያ አስይዘህ ትወስዳለህ። ጥበቃው ቁልፍ መስጠት የሚያቆመው ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ እኛ ከሥራ የምንገባው ደግሞ ከ12 በኋላ። በዓመቱ መጨረሻ ምን ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል? «ነዋሪው ፍላጎት የለውም።» እናንተም ይህንኑ ተቀብላችሁ አተማችሁት። ሦስት አስተዳዳሪ አነጋግራችኋል፤ ነዋሪ አንድም የለም። ለነገሩ እኛን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከየት ታገኙናላችሁ!

ጋዜጠኛው እኛ ጋ መጥቶ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶ ቢያነሳ ደስ ይለናል። ቁልፉን ግን ከ12 በፊት ይውሰድ፤ መታወቂያውንም እንዳይረሳ።

አንድ ነዋሪ