የባሕር በሩን ጻፋችሁ፤ ስለ ባሕሩስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁን ዘወትር አነባለሁ። ስለ ባሕር በር ብዙ ጽፋችኋል። ደግ አደረጋችሁ፤ ጉዳዩ የሁላችንም ነው። ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ መሐል ስለ ባሕሩ ስለ ራሱ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ዓሣው፣ ዳር ዳሩን ስለሚኖረው ሰው አንድም ዓምድ አላየሁም። ስለ በሩ እንጂ በሩ ስለሚያስገባበት ቤት አላወራንም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጎንደር ተቀምጠህ ስለ መርከብ ጭስ ምን አገባህ የሚለኝ አይጠፋም። ያገባኛል። እንጀራዬን የማገኘው አዘዞ አካባቢ ካለ የሰሊጥ ማበጠሪያ መጋዘን ነው። የጎንደር ሰሊጥ በዓለም ገበያ በራሱ ስም የሚሸጥ ነው። ተበጥሮ፣ በጆንያ ተሰፍቶ፣ መኪና ላይ ሲወጣ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 190 ኩንታል ገደማ ይይዛል። ከዚያ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ መርከብ፣ ከመርከብ ቻይና ወይም እስራኤል። ስመለስ ደግሞ ሱቅ የምገዛው ዘይት፣ ልጄ የሚማርበት ደብተር፣ መጋዘኑ ውስጥ ያለው ማሽን ሁሉ በዚያው መንገድ የመጣ ነው። የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ስለዚህ መርከቡ የሚያጨሰው የኔንም ጭስ ነው።

ይህን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ባሕር ዳር በማሪታይም ሠልጥኖ አሁን በአንድ የውጭ አገር መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ይሠራል። ወደብ ሲደርሱ ይደውልልኛል። አንድ ቀን የእጁን ፎቶ ላከልኝ። ጥፍሮቹ ሥር ጥቁር ነገር ገብቶ ደርቋል፤ የጣቱ መስመሮች ሁሉ በጥቁር ተሥለዋል። «ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት። «ነዳጁ ነው፣ ጋሼ። በሳሙናም አይለቅም» አለኝ።

ነዳጅ ሲባል የመኪና ናፍጣ አይምሰላችሁ። ድፍድፉ ተጣርቶ ቤንዚኑ፣ ላምባው፣ ናፍጣው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ ይረጋል። ከመቶ ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ ሞተር ውስጥ አይገባም። ርካሽ ስለሆነ ነው የሚያቃጥሉት። ድኝ ማለትም ሰልፈር ይበዛበታል፣ ጥቀርሻው የትየለሌ ነው፣ የሚተነፍሰው ደግሞ የወደብ ሰው ነው። እርግጥ ሕግ ወጥቷል። ለንደን ያለው ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 ጀምሮ በነዳጁ ውስጥ የሚፈቀደውን ሰልፈር ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ አወረደው። ትልቅ ነገር ነው፣ ለውጥም አምጥቷል። ነገር ግን ቀዳዳ አለው። መርከቡ የጭስ ማጠቢያ ከገጠመ ያንኑ አተላ ማቃጠሉን እንዲቀጥል ይፈቀድለታል። የእህቴ ልጅ መርከብ እንደዚህ ነው። የባሕር ውሃ ይስባል፣ ጭሱን ያጥብበታል፣ እጣቢውን መልሶ ባሕር ውስጥ ይደፋዋል። ሰማዩን አጽድቶ ውሃውን ማቆሸሽ ማለት ነው። ዴንማርክና ስዊድን ይህን እጣቢ በባሕር ክልላቸው መድፋት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ከልክለዋል። እነሱ ለባሕራቸው ካሰቡ ለቀይ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ማን ያስብ?

እዚያ ዳር ሰው አለ። ጅቡቲ ውስጥ ኦቦክና ታጁራ የሚኖሩት አፋሮች ናቸው፣ ከኛው አፋሮች ጋር በደምም በቋንቋም አንድ የሆኑ። በጀልባ ወጥተው ዓሣ አጥምደው ያድራሉ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በየዓመቱ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ፍጥረት ይመጣል። የኛን ሰሊጥ የሚጭኑ መርከቦች የሚያልፉት በዚሁ ውሃ ላይ ነው።

አንድ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሆን ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሩቢማር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር መግቢያ አካባቢ በሚሳይል ተመትታ፣ ዘይቷን 29 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃው ላይ አንጥፋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰጠመች። ሆዷ ውስጥ ከ20 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ነበር። ማዳበሪያ! እኛ ገበሬዎቻችን በሰልፍ የሚጠብቁት ነገር። ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያበቅል ጎንደሬ በደንብ ያውቃል፤ ጣናን አይተናል።

ሞሪሸስ ላይ የሆነውን ሳስብ ደግሞ ሆዴ ይባባል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ዋካሺዮ የምትባል የጃፓኖች መርከብ ከኮራል አለት ጋር ተጋጭታ 1,000 ቶን ገደማ ዘይት ፈሰሰ። መንግሥት እስኪደርስ ሕዝቡ አልጠበቀም። የሸንኮራ አገዳ ቅጠል በጆንያ እየጠቀጠቁ፣ ጆንያውን እየሰፉ፣ በባዶ እጃቸው ባሕሩ ላይ አጥር ሠሩ። ዘይት ይመጥጣል ብለው ፀጉራቸውን ሳይቀር ተላጭተው ሰጡ። እኔ ጆንያ ሲሰፋ ነው የምውለው፤ የዚያን ጆንያ ክብደት በእጄ ያወቅሁት ያህል ተሰማኝ። መርከቧ ወደ ዳርቻ የተጠጋችው ሠራተኞቹ የስልክ ኔትወርክ ፈልገው እንደነበር ምርመራው ላይ ወጥቷል። እናታቸውን ሊያናግሩ ይሆናል። የእህቴ ልጅም ስንቴ «ኔትወርክ ስናገኝ እደውላለሁ» ብሎኛል። በሳተላይት ስልክ እንደ ልብ ማውራት ቢፈቀድላቸው ኖሮ ያ የባሕር ዳርቻ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ። የመርከበኛው ኑሮና የባሕሩ ደኅንነት የተያያዘ ነው።

ስለ እምቦጭ ሳላነሳ አላልፍም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አበባ ነው። ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የመገጭ ወንዝን አፍ እንዴት እንደዘጋው፣ ጎርጎራ ወርዶ ያየ ሰው ይመሰክራል። ወገባችን እስኪቆረጥ በእጃችን ነቅለናል። አንድ ባዕድ ተክል ይህን ካደረገ፣ መርከቦች በየዕለቱ ምን ይዘው እንደሚዞሩ አስቡት። መርከብ ጭነት ሲያራግፍ ሚዛኑን ለመጠበቅ የወደቡን ውሃ ሆዱ ውስጥ ይሞላል፤ ባላስት ይሉታል። ሌላ አገር ደርሶ ሲጭን ይደፋዋል። ከውሃው ጋር እንቁላሉ፣ እጩ፣ ዘሩ፣ በሽታው አብሮ ይፈሳል። ጥቁር ባሕርን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓሣ አልባ ሊያደርገው የደረሰው በዚህ መንገድ ከአሜሪካ የመጣ የጄሊ ዓይነት ፍጥረት ነው። ውሃው ከመደፋቱ በፊት እንዲታከም የሚያስገድደው ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። የሚቆጣጠር ሰው ከሌለ ግን ወረቀት ነው።

በነገራችን ላይ እኛም ንጹሐን አይደለንም። ቀሃና አንገረብ የሚባሉት ወንዞቻችን የከተማውን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ጠርገው መገጭ ይገባሉ፣ መገጭ ጣና፣ ጣና ዓባይ፣ ዓባይ ሜድትራኒያን። ጥምቀት የምናከብርበት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው በዚሁ በቀሃ ውሃ ነው። ባሕር የለንም ብንልም ከቤታችን ደጃፍ የሚጀምር ውሃ ባሕር ይደርሳል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። መርከብ ይቁም የሚል ሞኝ አይደለሁም። ለአንድ ኩንታል በአንድ ኪሎ ሜትር ብናሰላው ከመኪናም ከአውሮፕላንም በጣም ያነሰ ነዳጅ የሚበላው መርከብ ነው። ሊሻሻል ግን ይችላል፣ ያውም ከኛ በኩል። መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ እንኳ ሞተሩን አያጠፋም፤ መብራቱ፣ ማቀዝቀዣው፣ ፓምፑ ይሠራል። ለዚህ መፍትሔው ገመድ ነው። ከወደቡ ኤሌክትሪክ ሰክቶ ሞተሩን ማጥፋት። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ታስገድዳለች፣ የአውሮፓ ኅብረት በትልልቅ ወደቦቹ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ ለኮንቴነርና ለመንገደኛ መርከቦች ግዴታ አድርጎታል። እኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ለጅቡቲ መብራት እንሸጣለን። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከጣና የወጣ ውሃ ያመነጨው መብራት ጅቡቲ ላይ የቆመችን መርከብ ሞተር ቢያጠፋ፣ ዶራሌ ወደብ አካባቢ የሚያድሩት ልጆች ንጹሕ አየር ቢተነፍሱ፣ ይህ ስለ ባሕር በር ስንደራደር ጠረጴዛው ላይ የምናስቀምጠው ቁም ነገር አይሆንም? ጎረቤትን በር ክፈትልኝ ከማለት በፊት ደጁን አብሮ መጥረግ ያስከብራል።

ሌላም አለ። ፍጥነት መቀነስ ገንዘብ አያስወጣም። መርከብ ፍጥነቱን 10 በመቶ ቢቀንስ ለአንድ ጉዞ የሚያቃጥለው ነዳጅ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሰሊጥ አይበሰብስም፤ ሦስት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም። እኛ ላኪዎች ይህን በውል ውስጥ ልናስገባው እንችላለን፣ ማንም ጠይቆ አያውቅም እንጂ።

የመጨረሻው የአገር ጉዳይ ነው። የመርከብ ንግድ ከዓለም የበካይ ጋዝ ልቀት 3 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ከ5,000 ግሮስ ቶን (የመርከብ ስፋት መለኪያ ነው) በላይ የሆኑ መርከቦች ከገደብ በላይ ለለቀቁት ጋዝ እንዲከፍሉ የሚያደርገው ሕግ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ለንደን ላይ ሊጸድቅ ሲል በ57 ለ49 ድምፅ ለአንድ ዓመት ተራዘመ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባል ናት። የራሷም መርከቦች አሏት፣ በከተሞቻችን ስም የሚጠሩ። የጭነት ዋጋ ይጨምራል የሚለው ስጋት ይገባኛል፣ ከማንም በፊት የሚነካው እንደኔ ያለውን ነው። ስለዚህ ዝም ከማለት ገብቶ መከራከር ይሻላል፦ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደብ ለሌላቸው አገሮችና ለባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ይድረስ ብሎ።

እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ መድቡና ሦስት ነገር ይጠይቅልን። ባንዲራችንን የሚያውለበልቡ መርከቦች ምን ዓይነት ነዳጅ ያቃጥላሉ? ጅቡቲ ላይ ከኛ መብራት ሊሰኩ የሚችሉት መቼ ነው? ልዑካኖቻችን በሚቀጥለው የለንደን ስብሰባ እጃቸውን የሚያወጡት ለየትኛው ወገን ነው? መልሱን ስታትሙ ቆርጬ መጋዘኑ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ፎቶውንም አንስቼ ለእህቴ ልጅ እልክለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከጎንደር፣ አዘዞ