ጠጠሩን ከልጆቻችን ሜዳ ላይ አንሡልን

ይድረስ፦ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ለግንባታ ዕቃ ማስቀመጫ ለፈቀዱት ኃላፊ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ስምዎንና የቢሮዎን ስም እዚህ አልጽፍም። ሦስት ደብዳቤዎቼ መዝገብ ቤትዎ ገብተዋል፤ ስለዚህ ይህ ለማን እንደተጻፈ ያውቁታል። አንዱን በጥቅምት፣ ሌላውን በታኅሣሥ፣ ሦስተኛውን በጥር መጨረሻ ነው ያስገባሁት። በአካልም ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። አንዴ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ አንዴ «ፊልድ ወጥተዋል» እየተባልኩ ተመለስኩ። አንድ ቀን ግን ደረጃው ላይ አገኘሁዎት። «እያየነው ነው እህቴ፣ ትንሽ ታገሺ» አሉኝ። ታገሥኩ። ይኸው መጋቢት ገባ፤ ጠጠሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ልጄ ከምትማርበት ትምህርት ቤት ጀርባ አንድ ሜዳ አለ። ሣሩ እንደ ነገሩ ነው፤ ግን ሜዳ ነው። 14 ሴት ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ፣ እዚያ ይሮጡ ነበር። የስፖርት መምህሩ ያለ ምንም ተጨማሪ ክፍያ ያሠለጥናቸዋል። በመስከረም መጨረሻ አንድ ጠዋት ሲኖትራኮች መጥተው ጠጠር፣ አሸዋና ብረት አራገፉበት። በአቅራቢያው ለሚሠራ ግንባታ ነው ተባለ። «ለ15 ቀን ብቻ ነው» ተባለ። የፈቃዱን ደብዳቤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የእርስዎ ፊርማና ማኅተም አለበት። ወላጅ መምህር ኅብረቱ አልተጠየቀም። መምህሩም አልተጠየቀም።

ለወንዶቹ የእግር ኳስ ቡድን ወዲያው ሌላ ሜዳ ተፈለገለት፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይጫወታሉ። እሰየው፣ እነሱም ልጆቻችን ናቸው። ለሴቶቹስ ብለን ስንጠይቅ ግን ከቢሮዎ ያገኘነው መልስ «እነሱ ሯጮች አይደሉም እንዴ? መንገድ ላይስ ይሮጥ የለ» የሚል ነው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። የተናገረው ሰው እየሳቀ ነበር።

ልጆቹም መንገድ ላይ ሮጡ።

ወደ ደሴ የሚወጣው አስፋልት ስንት ከባድ መኪና እንደሚያልፍበት አይጠፋዎትም። ከሰዓት በኋላ ጭራሽ አይሞከርም። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ መሮጥ ጀመሩ። የደብረ ብርሃን የጥር ጠዋት ደግሞ የታወቀ ነው። ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ጭጋጉ ሲወርድ አሥር እርምጃ ፊት ለፊት ያለ ሰው አይታይም። በጥር አጋማሽ በአንዱ እንዲህ ያለ ጠዋት ከኋላ የመጣ ባጃጅ ከልጆቹ አንዷን ገጫት። 16 ዓመቷ ነው። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰበረ።

የእኔ ልጅ ከእሷ ሁለት እርምጃ ብቻ ትቀድም ነበር። ስልክ ተደውሎልኝ ሮጬ ስደርስ መንገድ ዳር አስተኝተዋታል። ጓደኞቿ ጃኬታቸውን አውልቀው አልብሰዋታል፤ እነሱ በስስ ቲሸርት ይንቀጠቀጣሉ። ልጅቷ አላለቀሰችም። «እማዬ እንዳትሰማ» ብቻ ነበር የምትለው። እናቷ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ነው የምታሳድጋት። ጄሶ እስኪታሰርላት ድረስ እጇን ይዤ ቆየሁ። የባጃጁ ሹፌርም ልጅ እግር ነው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት። በእሱ አልፈርድም። ምኑን አይቶ ይቁም!

የዚያን ዕለት ማታ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እማ፣ መንገድ ላይ እንድንሮጥ የፈረመልን ማን ነው?»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ እንዲገባዎት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስዎት።

13 ዓመት የኖርኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለት ልጆች እዚያ አሳድጌያለሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ስትታመምብኝ ትንሿን ይዤ ተመለስኩ፤ ትልቁ ኮሌጅ ገብቶ ስለነበር እዚያው ቀረ። ውጭ አገር ልጅ ማሳደግ ሲባል ሰው ችግሩ ገንዘብ ይመስለዋል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሰዓቱ ነበር። ነርሲንግ ሆም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ነበር የምሠራው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ እኔ ወደ ሥራ እገባለሁ። ከዚያ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ የማን ነው? አያት የለች፣ አክስት የለች። ጎረቤት ስምህንም አያውቅ። ያለው ስልክና የተዘጋ በር ነው። ጎረምሳ ልጅ በዚያ በር ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

መጀመሪያ ላይ የእኔ መፍትሔ መከልከል ነበር። ወንዱ ልጄ 6ኛ ክፍል ሲደርስ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ክፍሉ በሙሉ ጫካ ውስጥ ወዳለ የተፈጥሮ ማዕከል ሄዶ ሁለት ሌሊት ያድራል ይላል። ወንዝ ያጠናሉ፤ ካርታና ኮምፓስ ይዘው መንገድ ይፈልጋሉ። እኔ «ልጄ ከቤቱ ውጭ አያድርም» ብዬ ሳልፈርም ቀረሁ። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ዋለ። ሲመለሱ ሁሉም የሚያወሩት ስለዚያው ነበር፤ እሱ የሚናገረው አልነበረውም። ከእኔም ጋር ለብዙ ቀን በቅጡ አላወራም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ መፈረም ተማርኩ። ለሙዚየም ጉብኝት ፈረምኩ፤ ለሮቦቲክስ ክለብ ፈረምኩ። ሜሪላንድ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ 75 ሰዓት ማኅበረሰቡን በነፃ ማገልገል ግዴታው ነው። ልጄ የእሱን ሰዓት የጨረሰው ለተቸገሩ ምግብ በሚታደልበት ቦታ ድንችና ሽንኩርት ሲለይ ነው። ቅዳሜ እዚያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን። ለመበላሸት ጊዜ አልነበረውም።

ለሴቷ ልጄ ደግሞ ሩጫ ሆነላት። 9ኛ ክፍል ስትገባ የትምህርት ቤቷ የአገር አቋራጭ ቡድን ውስጥ ተመዘገበች። ያ ቡድን ማንንም አይመልስም ነበር፤ ቀርፋፋውም ይሮጣል። ግን አንዲት እርምጃ ከመሮጧ በፊት ሐኪም ልቧንና ሳንባዋን መርምሮ መፈረም ነበረበት። እኔም ፈረምኩ። አሠልጣኟም ፈረመች። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ለማን፣ ቀጥሎ ለማን እንደሚደወል ተጽፎ ነበር። ልምምዱ ሣር ላይና ፓርክ ውስጥ ነው። ውጤቷ ከወረደ ከቡድኑ እንደምትታገድ ስለምታውቅ ሳልነግራት ታጠናለች። የመጀመሪያ ውድድሯን ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ሄጄ አየሁላት። ከመጨረሻ አራተኛ ወጣች። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ለሴቶች ሜዳ ሲነፈግ እዚያ ያለ ወላጅ የሚጠቅሰው ሕግም አለው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ ነው፤ ታይትል ናይን ይሉታል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ ማበላለጥ አይችልም፤ ስፖርቱም በዚያ ውስጥ ይገባል።

«አሜሪካ ሀብታም ነው፣ ከእኛ ጋር አይወዳደርም» ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ ግን አውቶቡስ አልጠየቅኩዎትም። ሮቦት አልጠየቅኩዎትም። ሜዳው ነበረን፤ መምህሩ ነበረን። ልጆቹም በፍላጎታቸው መጥተው ነበር። ከፍታውን እግዚአብሔር ሰጥቶናል። የአሜሪካ ሯጮች ከፍታ ፍለጋ አሪዞና ውስጥ ወዳለችው ፍላግስታፍ ይሄዳሉ፤ እሷ ወደ 2,100 ሜትር ናት። የእኛ ከተማ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። ጌጤ ዋሚ የዚህ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴቪያ ላይ በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፤ በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ5,000 ሜትር ነሐስ አምጥታለች። ልጆቹ ስሟን እየጠሩ ነው የሚሮጡት።

የትምህርት ጉዞን ነገር ለጊዜው ትቼዋለሁ። ልጄ ጓሳን ለማየት ትጓጓለች። የመንዝ ገበሬ ሣሩን በአባቶቹ ሥርዓት ጠብቆ እዚህ እንዳደረሰው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እንዳለበት አጫውቻታለሁ። መንገዱ ሰላም እስኪሆን እንጠብቃለን። ሜዳው ግን ከክፍሏ መስኮት ይታያል።

ሕጉን ላስተምርዎት አልመጣሁም፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የአስተዳደር ባለሥልጣናት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የልጆቹን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ ያዛል። በአንቀጽ 41 ደግሞ ስፖርት እንዲስፋፋ አስተዋጽኦ የማድረግን ኃላፊነት ለመንግሥት ይሰጣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 የጨዋታ መብትን ይጠብቃል። በዚያ ስምምነት የ16 ዓመት ልጅ ገና ሕፃን ናት። ይህ ሁሉ ይቅር። ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ እርስዎ በሚያስፈጽሙት ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለ ትምህርት ነው። አሁን የሚሰጠው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ልጄ የርዝመት ዝላይን ሕግ ደብተሯ ላይ ገልብጣለች። ዘላ ግን አታውቅም።

ከአደጋው በኋላ ሦስተኛውን ደብዳቤ ሳስገባ አንድ ባለሙያ ደወለልኝ። «አደጋው የደረሰው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ስለሆነ እኛን አይመለከተንም» አለኝ። ስልኩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ልጆቹን ከግቢው ያወጣቸው ማን ሆነና! ግቢያቸው ውስጥ ጠጠር ባይከመር ኖሮ ያን ጠዋት አስፋልት ላይ ምን ያደርጉ ነበር? ጌታዬ፣ ይህን መልስ እርስዎ ያውቁታል? ካወቁትስ እንዴት ወጣ?

ለልጄ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኋትም። ለጠጠሩ የፈረመ ሰው አለ። ለልጆቹ የፈረመ የለም። ይህን ለ15 ዓመት ልጅ እንዴት ብዬ ልንገራት?

ከ14ቱ አሁን የሚሮጡት ስድስት ናቸው። የሌሎቹን ወላጆች አልወቅስም፤ ማን ልጁን አስፋልት ላይ ይለቃል! ከቀሩት አንዷ ከትምህርት በኋላ ቤቷ ገብታ ስልክ ላይ እንደምትውል እናቷ ነገረችኝ። ሌላዋ ትምህርቷንም ማቆም እያሰበች ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያስመጣት ሩጫው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ ያ ሰዓት እዚህም ተከትሎ መጣብኝ። እዚህ ግን አያት አለች፣ ጎረቤትም አለ። የጎደለን ሜዳ ብቻ ነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጠጠሩና ብረቱ ይነሣ። እስኪነሣ ድረስ ወንዶቹ ከሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ለሴቶቹ ሁለት ቀን ይመደብ። ለተጎዳችው ልጅ እናት ደግሞ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያነጋግሯት። እስከ ዛሬ ከቢሮዎ አንድ ሰው ደጇን አልረገጠም። ቤቱን ካላወቁት እኔ አሳይዎታለሁ።

የፊታችን ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ አራተኛውን ደብዳቤ ይዤ እመጣለሁ። የልጆቹ እናቶችም አብረውኝ ይመጣሉ። ስብሰባ ካለዎት እስኪያልቅ እንጠብቅዎታለን። ፊልድ ከወጡም እስኪመለሱ እንጠብቃለን።

የአንዲት ተማሪ እናት፣ ከሰሜን ሸዋ